ሌሊት የሚያልቀው ባትሪ

ሐምሌ 2 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ሞተሩ ዛሬ መንገድ ላይ ጣለኝ። ታች ቀበሌ በግ ከትቤ ስመለስ መጀመሪያ ፍሬቻው መጥቀሱን ተወ። ከዚያ ክላክሱ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጎረነነ። ዳገቱ ላይ ስደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። በዝናብ እየገፋሁ ቤት ስገባ ከእግር እስከ ራሴ ጭቃ ነበርሁ።

የምናለ ሞተር ነው። ባለቤቴ በሮብ ገበያና በደብረ ማርቆስ መካከል ሰው ሲያመላልስበት የኖረ። ሚያዝያ ላይ፣ ሲመሻሽ፣ ከላይኛው መንደር ሲወርድ ገደል ገባ። ሞተሩ ተጣሞ ተቃና፤ የሱ ጉልበት ግን ብረት ገባለትና ተቃንቶ ቀረ፤ አይታጠፍም። ስለዚያ ቀን ስጠይቀው "ጭቃው አንሸራተተኝ" ብቻ ይላል። የመሥሪያ ቤታችንን ሞተር ሌላው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዞታል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ክረምት የማዳርሰው ቀበሌ ብዙ ነው። "በሞተርህ ልውጣ?" ስለው "ውጪ" አለ። አልከለከለኝም።

የሆነውን ስነግረው ከመደቡ ሳይነሣ፣ "ባትሪውን አትውቀሺ። ባትሪ የተቀበለውን ነው የሚሰጥ። የማይሰጠው ሌላው ነው" አለኝ። ሞተሩ ሲዞር የሚያመነጨው ኃይል ባትሪው ዘንድ አይደርስም ማለቱ ነው። ይህኛው ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ከባትሪው ስለሆነ ባትሪው ሲያልቅ ሁሉም ያልቃል።

ስለ ሞተር ሲያወራ ድምፁ የድሮው ይሆናል። እንዲያወራ ብዬ የማውቀውንም ጠየቅሁት።

ሐምሌ 4

ባትሪውን አስሞልቼ፣ ቮልት የሚለካ ቴስተር ተዋስሁ። ሞተሩ ጠፍቶ አሥራ ሁለት ቮልት። አስነሣሁት። ምናለ በሩ ላይ ተቀምጦ "ነዳጅ ስጪው! ጨምሪ!" እያለ ጮኸ። ጨመርሁ። ወደ አሥራ አራት መውጣት ነበረበት። ንቅንቅ አላለም።

"አየሽ?" አለ። ያዘነም ደስ ያለውም ይመስል ነበር።

ከላይኛው መንደር ላም ሞተች የሚል መልእክት መጣ። ድንገት ወድቃ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ከአፍንጫዋ ደም ወጥቶ። አባ ሰንጋ ባልሆነ።

ሐምሌ 8

ሞተሩን በአይሱዙ አስጭኜ ደብረ ማርቆስ፣ ጌቱ ዘንድ ወሰድሁት። ጌቱ የምናለ የጥንት ጓደኛ ነው፤ መለዋወጫ እንደልብ በማይመጣበት በዚህ ጊዜ ከአሮጌ ሞተር ነቅሎም ቢሆን የሚሠራ እሱ ብቻ ነው።

መቀመጫውን አንሥቶ ገመዶቹን በጣቱ ተከትሎ ወረደ። ከሞተሩ ሆድ ከሚወጡት ሦስት ቢጫ ገመዶች አንዱ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተልጧል። መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ብረቱን ይነካል፤ ኃይሉም ባትሪው ሳይደርስ እዚያው ይፈስሳል። የተላጠውን ቆርጦ ሌላ ቀጠለበት፣ በናስትሮ ጠቀለለው፣ ከብረቱ አርቆ አሰረው። አስነሣና ለካ። አሥራ አራት! እንደ ልጅ አጨበጨብሁ።

ጌቱ ግን የቆረጠውን ቁራጭ እያገላበጠ ያይ ነበር።

"ይኸ የዛሬ አይደለም" አለ። "መዳቡ ጠቁሯል። ሚያዝያ ላይም እንዲሁ ነበር ማለት ነው። ምናለ በጭቃ የሚወድቅ ሰው አይደለም ብዬሽ አልነበር? መብራቱ ነው የጠፋበት። በዚያ ቁልቁለት፣ በዚያ ጉም።"

"ጭቃ ነው ያለኝ።"

ጌቱ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "እንግዲያው ጭቃ ነው" አለ።

ሐምሌ 9

"መብራቱ ጠፍቶብህ ነበር?" አልሁት ምናለን።

"ተሠራ አይደል? ተሠራ በቃ።" ከዚያ ቆይቶ፣ "ወደ ላይ ትወጫለሽ?"

"ሰኞ ቀጠሮ ሰጥቻለሁ። ለአባ ሰንጋው ከብቱን ሁሉ መከተብ አለብኝ፤ ሳይቀድመኝ።"

"በዚያ መንገድ?"

"ሌላ መንገድ አለ እንዴ?"

እናቱ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ከዳዊታቸው ቀና ብለው "ቅዱስ ሩፋኤል ይከተልሽ" አሉኝ። ምናለ አሜን አላለም። አልሰማ ይሆናል።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሞተ! ቁልፉን ባዞር ትንሿ አረንጓዴ መብራት እንኳ የለች። ትናንት ሲመሽ ለክቼው ሙሉ ነበር። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ታሽጎ፣ እኔ ለብሼ፣ ሞተሩ ሬሳ።

ምናለ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ዛሬ ይቅር። ጉሙንም እይው" አለኝ።

ባትሪውን ፈትቼ ሶላር ያለው ጎረቤት ዘንድ ወሰድሁት። እስኪሞላ እኩለ ቀን አለፈ። ላይ ስልክ አይሠራም። ገበሬዎቹ ከብታቸውን ሰብስበው፣ ሥራ ፈትተው ሲጠብቁኝ ውለዋል። ምን ይሉኝ ይሆን።

ቁልፉን ሳልነቅል አድሬ ይሆን? አይ፤ ኪሴ ውስጥ ነው ያደረው። ምን አጠፋሁ?

ሐምሌ 15

ታች ቀበሌ ዋልሁ። ሞተሩ እንደ ወፍ። ቮልቱም ልክ። ምን ልበል?

ሐምሌ 17

ትናንትም ዛሬም ደህና ነው። ሞተሩ በሚያድርበት የጥጃ ጋጥ አካባቢ ጭቃው ላይ የክራንች ጉድጓድ ተደርድሮ አየሁ፤ ከቤቱ እስከ ጋጡ፣ ከጋጡ እስከ ቤቱ። ደስ አለኝ። ሐኪሙ "ተንቀሳቀስ" ቢለው እምቢ ብሎ የቆየ ሰው ነው። ለብቻው መለማመድ ጀምሯል ማለት ነው። ሰው እንዳያየው አፍሮ ይሆናል። እንዳየሁ አልነገርሁትም።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

እማሆይ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ሳቡኝ።

"ልጄ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። በእሑድ ለሰኞ ሌሊት ለጸሎት ስነሣ በጋጡ ስንጥቅ ብርሃን አየሁ። የሻማ አይደለም፤ ነጭ ነው። እያየሁት እየደከመ፣ እየደከመ ሄደና ጠፋ።"

"ምን ይመስልዎታል?"

"ምን ይመስለኛል! መልአኩ ነዋ። የልጄን እግር ሊጎበኝ።"

ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። አሜን አልሁ።

ሐምሌ 20

ነገ ላይ። ለካሁት፣ ሙሉ ነው። ምናለ "ነገ ዝናብ ነው" አለ። "ሐምሌ እኮ ነው" አልሁት።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ዛሬም ሞቶ አደረ።

ቁጭ ብዬ ማልቀስ ነበር ያማረኝ። ታች ስሄድ ምንም አይሆንም። ላይ ለመውጣት ስነሣ ብቻ! ብርዱ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ከዚያ ደግሞ ብርዱ ቀኔን በምን ያውቃል ብዬ አሰብሁ። ለማሰብም ጊዜ አልነበረኝም። የበረዶውን ሣጥን አዝዬ በእግሬ ወጣሁ።

ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ግማሹ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከብቱን ወደ ግጦሽ መልሷል። የቀሩትን ከተብሁ። አቶ እንዳላማው የሚባሉ ገበሬ ቤት ስደርስ ባለቤታቸው ወለተ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆመው ነበር።

"ዶክተሯ፣ ባለፈውም ጠበቅንሽ፣ ዛሬም እስከ ቀትር ጠበቅንሽ" አሉኝ። "ኋላ ሰውዬው ቦራንና ዳልቻን ጠምዶ ከሸንተረሩ ማዶ ወረደ። መሬቱ እስኪደርቅ አይጠብቅ።"

"ሰኞ ተመልሼ እከትባቸዋለሁ። እስከዚያ የሚሞት ከብት ቢኖር እንዳትነኩ፣ እንዳትገፉ፣ እንዳትበሉ" አልኋቸው።

"ሰኞ" አሉ።

ቤት ስገባ እግሬ ውኃ ቋጥሯል። ምናለ አየው። በክራንቹ እየተንፏቀቀ ውኃ አሞቀ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ የማይታጠፈውን እግሩን ዘርግቶ እግሬን አጠበኝ። ካገባኝ ጀምሮ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ቀና ብሎ አላየኝም። የምጠረጥረው ሞተሩን ይሁን እሱን ማወቅ የፈለገ መሰለኝ። ምን ዓይነት ነገር ነው የምጽፈው? ደክሞኛል።

ሐምሌ 24

ጌቱ ዘንድ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ ባትሪውን የሚያፈስስ ገመድ ካለ ብሎ ሁሉንም አንድ በአንድ ለካ። ምንም የለም። ባትሪውን ፈተነ። ጤነኛ ነው።

"ይኸ ሞተር በሽታ የለበትም" አለ። "ሌሊት ሌሊት ሌባ አለበት እንጂ።"

"ማን ቤንዚን ትቶ ባትሪ ይሰርቃል?"

"ባትሪውን አልተሰረቅሽማ፤ መንገድሽን ነው።" ሣቀ፤ ግን ሣቁ አልቆየም። "ሌላ ቁልፍ አለው?"

"ነበረው። ምናለ የወደቀ ቀን ገደሉ ውስጥ ጠፍቷል።"

"ማን አለ?"

"ምናለ።"

ጌቱ ወሬ ያበዛል። ከዚያ ስለ ነዳጅ መጥፋት አወራንና መጣሁ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ሞተ። ዛሬ ሌላ ምንም አልጽፍም።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ገበያ ላይ የላይኛው መንደር ሴት አገኘችኝ። "የእንዳላማው በሬ ሰኞ ሞተ። ቦራ" አለችኝ። "ቆዳውን ገፈፉት?" አልኋት። "ታዲያ ዝም ብሎ ይጣላል?"

ባትሪው ትናንት ተሞልቷል፤ የክትባቱ ሣጥንም ከኋላ ታስሯል፤ እንደ ቆምሁ ሞተሩ ላይ ወጣሁ። ቤትም አልገባሁ፣ ለማንም አልተናገርሁ። አንድ ጊዜ ሲረገጥ ተነሣ። እስከ ላይ ድረስ ምንም አላለ።

አቶ እንዳላማው ደጃቸው ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ትኩሳት። ግራ ክንዳቸው እስከ ብብት አብጧል፤ ከእጅ አንጓቸው በላይ መሐሉ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል። "አያምም እኮ፣ ዶክተሯ፤ እንዲያው ያሳክካል" አሉኝ። እሱ ነው ክፋቱ። ሥጋው ገና አልተበላም፤ አስወጥቼ በጥልቅ አስቀበርሁት፣ የነካውን ሁሉ በእሳት። የቀሩትን ከብቶች ከተብሁ። ከዚያ እሳቸውን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ነጠላ አዙሬ ከወገቤ ጋር አስሬ ወረድሁ። ትኩሳታቸው በልብሴ አልፎ ጀርባዬን አቃጠለኝ። መንገድ ላይ "ልጄ፣ ቦራ ባለፈው ተከትቦ ቢሆን ይተርፍ ነበር?" ሲሉ ጠየቁኝ። ነፋሱ ያላሰማኝ መሰልሁ። ከጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በመኪና ላኳቸው።

ነሐሴ 1

ጾም ገባ። አቶ እንዳላማው መድኃኒት ተጀምሮላቸዋል፤ ሐኪሙ "አንድ ቀን ቢዘገዩ ኖሮ" አለና አልጨረሰውም።

ምናለ ጠየቀኝ። "በሬው መከተብ የነበረበት መቼ ነበር?"

"በሥላሴ ሰሞን። በዚያ ሰኞ።"

"የመጀመሪያው?"

"የመጀመሪያው።"

ቆሎውን ከፊቱ ገፋው። እማሆይ "ምነው ልጄ፣ አሞሃል?" አሉት። ተነሥቶ ወጣ።

መንገዱንማ እኔም አላምነውም። ቀድሜ በእግሬ መሄድ ነበረብኝ። ቀድሜ ሰው መላክ ነበረብኝ። ብዙ ነገር ነበረብኝ።

ነሐሴ 4

ላይ ሄድሁ። ባትሪው ደህና።

ነሐሴ 7

ደግሞ ላይ። ደህና። ብርዱ ግን አልቀነሰም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ከሰዓት በኋላ ድንች እየላጥሁ ነበር። ምናለ ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እማሆይ መስኮቱ ሥር ዳዊት ይደግማሉ። ከኪሱ ቁልፍ አወጣና ከድንቹ አጠገብ አኖረው።

"ሁለተኛው ቁልፍ አልጠፋም" አለ። "ሦስቱንም ሌሊት ገብቼ የከፈትሁት እኔ ነኝ። መብራቱን አብርቼ እስኪያልቅ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ ዘግቼ እገባለሁ።"

መላጤን አላቆምሁም። ድንቹ እጄ ላይ እያነሰ እያነሰ ሄደ።

"ለምን?" አልሁት፤ ያላወቅሁ ይመስል።

ግንባሩን በክራንቹ ጫፍ ላይ አሳርፎ ቆየ።

"ሰውዬው ቢሞትስ?" አልሁ። "ልጅ ቢበላውስ ኖሮ፣ ምናለ? ከብት ቀርቶ ልጅ ቢሆንስ? እግሬን ስታጥብ ምን ታስብ ነበር? ንገረኝ እንጂ! እግሬን ስታጥብ?"

"እሱን ነበር የማስበው።"

ቢላውን ጥዬ ወጣሁ። አጥሩ ሥር ቆሜ ዝናብ መታኝ። ስመለስ እማሆይ ዳዊታቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል።

"ብርሃኑ..." አሉኝ። "ያ ያየሁት ብርሃን ልጄ ነበር?"

ምን እላቸዋለሁ። "ጸሎትዎን አይተዉ" አልኋቸው።

ነሐሴ 10

አላናገርሁትም።

ነሐሴ 11

አላናገርሁትም። እሱም ለመናገር አልሞከረም። እንጨት ፈለጠ፣ ተቀምጦ፣ ለክረምቱ ሁሉ የሚበቃ።

ሐምሌ 28 ጠዋት ጋጡ ስገባ እጄን የፊት መብራቱ ላይ አሳርፌ ነበር። መስታወቱ ለብ ይል ነበር። በዚያ ብርድ። አልጻፍሁትም። ጎረቤት ዘንድም ባትሪውን ለማስሞላት አልቸኮልሁም። ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልሁ፤ ጉሙ የላዩን መንገድ ሲሸፍነው በመስኮት አየሁ።

ይህን ለማንም አልነገርሁም።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ጾሙ ከተፈታ በኋላ አቶ እንዳላማው ድነው ቤታቸው ገቡ የሚል ወሬ መጣ። ምናለ ሰማና "ውሰጂኝ" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ንግግራችን ነው።

"በሞተር ትቀመጣለህ?"

"በቅሎ ማን ይሰጠኛል?"

እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ከኋላዬ ተቀመጠ። ከወደቀ ወዲህ ሞተር ላይ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀስ ብዬ ነዳሁ። እሱ የወደቀበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ጣቶቹ ጎኔ ውስጥ ገቡ። እኔም አልቆምሁም።

አቶ እንዳላማው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ክንዳቸው በጨርቅ እንደታሰረ። ምናለ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣና ጫንቃው ላይ አደረገ። መንበርከክ አይችልም። በክራንቹ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆመ።

"ምንድነው ይኸ? ማነህ አንተ?" አሉ።

"የዶክተሯ ባል ነኝ፣ አባቴ። እሷን ያስቀራት ሞተሩ አይደለም። እኔ ነኝ። ማታ ማታ ባትሪውን የጨረስሁት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ነገሩ እስኪገባቸው ጊዜ ወሰደ። "ሦስቱንም ሰኞ?"

"ሦስቱንም።"

"አንድ በሬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ፣ አባቴ።"

"አታውቅም። አንድ በሬ በሬ አይደለም። ዳልቻን ይኸው አየው፤ ጠዋት ጠዋት ቀንበሩ ዘንድ ሄዶ ይቆማል።" በአገጫቸው ወደ በሬው ጠቆሙ። "ጓደኛውን ይጠብቃል እንስሳው።"

ምናለ ድንጋዩ ጫንቃው ላይ እንዳለ፣ አጎቱ ዘንድ አንድ በሬ እንዳለው ተናገረ። ይምጣና ከዳልቻ ጋር ይጠመድ፤ የእርስዎ ጥጃ አድጎ እስኪተካ መቀናጆ፣ ጥንዱ፣ ይሁን፤ ለኔ የሚደርሰኝን የእርሻ ቀን አልጠይቅም አለ። እኔ ክራንቹ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ እያየሁ ነበር።

"አውርደው ድንጋዩን" አሉ በመጨረሻ። "የተሸከምኸው እግር ይበቃሃል።"

ተነሥተው በደኅናው እጃቸው ራሳቸው አወረዱለት።

ወለተ ጊዮርጊስ እስካሁን በራቸው ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። አሁን ነው የተናገሩት።

"ዶክተሯስ? ታውቅ ነበር?"

"አታውቅም!" አለ ምናለ፤ አፌን ሳልከፍት።

ሴትዮዋ ግን እሱን አልነበረም የሚያዩት። እኔን አዩኝ። ጠበቁኝ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ፤ እስክንሄድ አልወጡም።

ነሐሴ 19

አታውቅም አለ። እውነት መስሎት ነው ወይስ አውቆ ሸፈነኝ? አልጠየቅሁትም። ዛሬ አብረን በላን። እማሆይ ሲያዩን ፊታቸውን አዙረው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ነሐሴ 21

በሬው ከምናለ አጎት ዘንድ መጥቶ ላይ ተወስዷል። ተሠራ፣ ታረቅን፣ አለቀ ይላል ሰው። ሁሉም ጥሩ ሰው አደረገኝ። ቤት ለቤት እየዞርሁ "ምስጋና ለእግዚአብሔር" ስል ዋልሁ። እንቅልፍ የለኝም።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት የበረዶውን ሣጥን ሳላስር ሞተሩን አወጣሁ። ምናለ ሣጥኑ ቤት መቅረቱን አየ።

"ክትባት የለም ዛሬ?"

"የለም።"

"ግን ላይ ነሽ።"

"ላይ ነኝ።"

ክራንቹን አስደግፎ፣ በሁለት እጁ የሞተሩን እጀታ ከኔ እጅ በላይ ያዘ። የሚከለክለኝ መስሎኝ ነበር።

"ሥሬ፣ እፈራለሁ" አለኝ። "መብራቱ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አታውቂውም። ገደሉን ሳታይው፣ አየሩን ብቻ ስትሰሚው። አንቺን እዚያ ውስጥ አያለሁ። ጉም ባየሁ ቁጥር አያለሁ።"

ከሚያዝያ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣው ሰምቼ አላውቅም።

"እኔም እፈራለሁ" አልሁት።

እጀታውን ለቀቀው። ሄድሁ።

ወለተ ጊዮርጊስ ቤት አልነበሩም፤ ምንጭ ወርደዋል አሉኝ። ሞተሩን አቁሜ በእግሬ ወረድሁ። ውኃ ሞልተው፣ ጀሪካኑን ታዝለው ሲወጡ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታም ሳልሰጥ ነው የተናገርሁት፤ ቆሜ ብጠብቅ ስለምተወው።

"ባለፈው ጠይቀውኝ ነበር። አውቅ ነበር። የመጨረሻውን ሰኞ አውቅ ነበር። ጠዋት መብራቱን ነካሁት፤ ለብ ይል ነበር። ዝም ብዬ ቤቴ ዋልሁ።"

ጀሪካኑን ከጀርባቸው አላወረዱም። ገመዱን ግንባራቸው ላይ እያስተካከሉ አዩኝ።

"ቦራ በዚያ ሰኞ ነው የሞተው" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"በዚያን ቀን ብትመጪም አይተርፍም ነበር?"

"ቦራ አይተርፍም ነበር። ግን እደርስ ነበር፤ ቆዳውን አትንኩ እል ነበር። ክንዳቸው..."

ከኛ በታች ምንጩ ይንጎራጎራል። ሴትዮዋ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይሻለኝ ነበር። አልረገሙኝም። ይቅር ብዬሻለሁም አላሉም።

"እሱ ነግሮሽ ነው የመጣሽው? ባልሽ?"

"አያውቅም። ለሱም ገና አልነገርሁትም።"

"ንገሪው።"

"እነግረዋለሁ።"

"ቀጣዩ ክትባት መቼ ነው?"

"ሰኞ።"

"ትመጫለሽ?"

"በእግሬም ቢሆን።"

"እንግዲያው ከብቱን አወጣለሁ" አሉና መንገድ ጀመሩ። ጀሪካኑን ልሸከምልዎ አልኋቸው። አልሰጡኝም። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ የከተማ ጫማዬ ያንሸራትተኝ ነበር። ጥቂት እንደ ወጡ ዞር ብለው አዩኝና እርምጃቸውን ቀነሱ። እስክደርስባቸው ጠበቁኝ፤ ከዚያ ሳንነጋገር ጎን ለጎን ወጣን።